ፊልሙ ጠፋ፣ ቴአትሩ ቀረ፦ የ«ባክታ ፕራህላዳ» ጉዳይ

ስለማይታይ ፊልም ልጽፍ ነው። ቅጂው ጠፍቷል። ፍለጋ ብትወጡ የምታገኙት ወረቀት ብቻ ነው፦ የሳንሱር መዝገብ፣ የጋዜጣ ማስታወቂያ፣ የዘፈን ግጥም፣ በኋላ የተጻፈ ትዝታ። እንደዚያም ሆኖ በመቶ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚናገረው ቋንቋ የሲኒማ ታሪኩን የሚጀምረው ከዚህ ፊልም ነው።

«ባክታ ፕራህላዳ» ይባላል። «ለአምላኩ ያደረው ፕራህላዳ» እንደማለት ነው። በ1932 ቦምቤይ ላይ ታየ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቴሉጉ የሚናገር የመጀመሪያው ፊልም ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ወደ እኛው አቆጣጠር የምመጣው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ለቁም ነገር።)

እኛ «የህንድ ፊልም» ስንል አብዛኛውን ጊዜ የሂንዲውን ማለታችን ነው። ቴሉጉ ሌላ ቋንቋ ነው። ተናጋሪዎቹ በዋናነት በደቡብ ምሥራቅ ህንድ፣ በዛሬዎቹ አንድራ ፕራዴሽና ቴላንጋና ግዛቶች ይኖራሉ። የፊልም ኢንዱስትሪያቸውም የሂንዲው ታናሽ ወንድም አይደለም፤ በ2023 በዘፈን ዘርፍ ኦስካር ወስዷል። የዚህ ሁሉ መነሻ ታዲያ አንድ የመንደር ለመንደር ቴአትር ነው።

ጉዳዩን የማነሳው አንድ ነገር ስለሚከነክነኝ ነው። ስለዚህ ፊልም የሚጻፈው ሁሉ «ህንዶች ሃይማኖተኛ ስለሆኑ በመንፈሳዊ ታሪክ ጀመሩ» ብሎ ያልፈዋል። ሃይማኖተኛ መሆናቸው እውነት ነው። ግን ፊልሙን ፊልም ያደረገው እሱ ብቻ አይመስለኝም። ያ ቴአትር የተመረጠው አንድ በጣም ተግባራዊ ችግር ስለፈታ ነው።

ታሪኩ

ቴአትሩም ፊልሙም የቆሙት በአንድ ጥንታዊ ታሪክ ላይ ነው። ሂራንያካሺፑ የሚባል የአሱራዎች ንጉሥ አለ። አሱራዎች ከአማልክት ጋር ጠበኞች ናቸው። ወንድሙን የገደለበት ቪሽኑ ስለሆነ የዚያ አምላክ ስም ሲጠራ ደሙ ይፈላል። ጫካ ገብቶ ለዘመናት ራሱን ይቀጣል፣ ይጾማል። በመጨረሻ ፈጣሪው ብራህማ ይገለጥለትና «ምን ልስጥህ?» ይለዋል።

ንጉሡ ብልጥ ነው። «አልሙት» ቢል እንደማይሰጠው ያውቃል። ስለዚህ እንደ ጠበቃ ውል ያረቃል። ሰው አይግደለኝ፣ እንስሳም አይግደለኝ። በቀን አልሙት፣ በሌሊትም አልሙት። ቤት ውስጥ አይሁን፣ ውጭም አይሁን። ምድር ላይ አይሁን፣ ሰማይ ላይም አይሁን። የጦር መሣሪያም አይንካኝ። ብራህማ እሺ አለው። ንጉሡ ከዚያ በኋላ ዓለምን ረገጣት። ከእኔ ሌላ የሚመለክ የለም ብሎ አወጀ።

እዚህ ላይ የገዛ ልጁ መጣበት። ፕራህላዳ ገና ትንሽ ልጅ ነው፣ ቪሽኑን ይወዳል። አባት መጀመሪያ ያባብላል። ከዚያ ቻንዳና አማርካ ለሚባሉ ሁለት አስተማሪዎች ይሰጠዋል፤ እንደ የኔታ አርጩሜ ይዘው የአሱራ ትምህርት እንዲያስጠኑት። ልጁ ጭራሽ የክፍል ጓደኞቹን ወደራሱ እምነት ይስባል። አባት ተስፋ ቆርጦ ወደ ግድያ ይሄዳል። ዝሆን ያስረግጠዋል፣ እባብ ያስነድፈዋል፣ ከገደል ያስወረውረዋል፣ መርዝ ያስጠጣዋል። ልጁ አይሞትም።

መጨረሻው ትዕይንት ቴሉጉ ተናጋሪ ሁሉ ከልጅነቱ የሚያውቀው ነው። አባት «ያ አምላክህ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የልጁን መልስ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ባለቅኔ ፖታና በቴሉጉ ግጥም አስቀምጦታል። ሐሳቡ ይኼ ነው፦ አባቴ ሆይ፣ እዚህ አለ እዚያ የለም ብለው አይጠራጠሩ፤ በፈለጉበት ሁሉ አለ። አባት አዳራሹ ውስጥ ያለ ምሰሶ ያሳያል። «እዚህስ አለ?» አለ ይላል ልጁ። ንጉሡ ምሰሶውን ይመታል። ምሰሶው ይሰነጠቅና ቪሽኑ ግማሽ ሰው ግማሽ አንበሳ ሆኖ ይወጣል። ናራሲምሃ ይሉታል።

ውሉ የሚፈርሰው እዚህ ነው። ሰውም አይደለም፣ እንስሳም አይደለም። ጊዜው ቀንም ሌሊትም አይደለም፤ ድንግዝግዝ ነው። ቦታው ደፍ ላይ ነው፣ ውስጥም ውጭም ያልሆነ። ንጉሡን ጭኑ ላይ ያስተኛዋል፣ ምድርም ሰማይም ያልሆነ። የሚገድለው በጥፍሩ ነው።

ታሪኩን ያራዘምኩት አለምክንያት አይደለም። ለአንድ የመድረክ ባለሙያ ይህ ታሪክ ምን እንደሚሰጠው አስቡ። የሚያስለቅስ ልጅ አለው። የሚጮህ ንጉሥ አለው። በባሏና በልጇ መሃል የምትቃጠል እናት አለችው። የሚያስቁ መምህራን አሉት። መጨረሻው ላይ ደግሞ የሚፈነዳ ምሰሶ አለው። ከዚህ በላይ ቲኬት የሚሸጥ ምን አለ?

ጠበቃው እና ቤተሰቡ

ታሪኩን ወደ ዘመናዊ ተውኔት ከቀየሩት አንዱ ዳርማቫራም ራማክሪሽናማቻርዩሉ ናቸው፤ ፊልሙ የተመሠረተውም በሳቸው ተውኔት ላይ ነው። ከ1853 እስከ 1912 የኖሩ፣ በቤላሪ ከተማ በጥብቅና ሥራ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። ከሥራቸው ጎን የአማተር ቴአትር ማኅበር መሥርተው ይጽፋሉ፣ ያዘጋጃሉ፣ ራሳቸውም ይጫወታሉ። ቴሉጉዎች «የአንድራ ተውኔት አያት» የሚል ማዕረግ ሰጥተዋቸዋል። የሳቸው ሙያ ተረኩን፣ ግጥሙንና ዘፈኑን በአንድ መድረክ ላይ ማዋሃድ ነበር። ገጸ ባሕርይው ይናገራል፣ ስሜቱ ሲሞላ ወደ ግጥም ይገባል፣ ከዚያም ይዘፍናል። በኋላ የህንድ ፊልም መለያ ሆኖ የምንስቅበትና የምንወደው «ድንገት ዘፈን» ከዚህ ዓይነት መድረክ የመጣ ነው።

ተውኔቱን በየመንደሩ ያዞሩት ግን ሌሎች ናቸው። ሱራቢዎች።

ሱራቢ በካዳፓ አውራጃ ያለ መንደር ነው። በ1885 ቫናራሳ ጎቪንዳ ራኦ የሚባል ሰው ከዘመዶቹ ጋር ሆኖ በመንደሩ አንድ ሠርግ ላይ ከማሃባራታ፣ ከጥንታዊው የህንድ ረጅም የግጥም ታሪክ፣ የተቀዳ ቴአትር አሳየ። ቤተሰቡ ከዚያ በፊት በቆዳ አሻንጉሊት ጨዋታ ይተዳደር ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ቴአትር ዞሩ፤ የቡድናቸው ስም በመንደሩ ስም ቀረ። ልጆች ተወለዱ፣ ተጋቡ፣ ቡድኑ ሲበዛ ተከፈለ። በደህናው ጊዜያቸው በደርዘን የሚቆጠሩ የሱራቢ ቡድኖች ነበሩ። ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው። ድንኳናቸውን፣ መጋረጃቸውን፣ መብራታቸውን፣ ድስታቸውን ጭነው ከከተማ ከተማ ይዞራሉ። አያት ንጉሥ ይጫወታል፣ ምራት ንግሥት ትሆናለች፣ የልጅ ልጅ ፕራህላዳን ይሠራል። የቤቱ ሰው ሁሉ ሥራ አለው፤ ያልተጫወተ መጋረጃ ይጎትታል።

ሁለት ነገራቸው ለፊልሙ ጉዳይ ወሳኝ ነው። አንደኛው የመድረክ ብልሃታቸው ነው። በሽቦ ሰው ያበርራሉ፣ እሳት ያነዳሉ፣ ጭስ ያስነሳሉ፣ ምሰሶ ይሰነጥቃሉ።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው ሳያነሳው ያልፋል። በዚያን ዘመን በቴሉጉ መድረክ የሴት ገጸ ባሕርያትን በብዛት የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ይህ እንደ ነውር አይታይም፤ እንዲያውም በሴት ሚና ዝናቸው የናኘ ታላላቅ ወንድ ተዋንያን ነበሩ። ሱራቢ ግን የቤተሰብ ቡድን ስለሆነ ሴቶቹ ራሳቸው መድረክ ላይ ይወጣሉ። ካሜራ ፊት ለፊት ሲመጣ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ድንኳን ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ በፋኖስ ብርሃን የሚያይ ሰው ሳሪ የለበሰን ወንድ ይቀበላል። አንድ ክንድ ርቀት ላይ የተተከለ ሌንስ ግን ምሕረት የለውም።

ከነዚህ ሴቶች አንዷ ሱራቢ ካማላባይ ነች። ስለ አወላለዷ የሚወራው ራሱ ቴአትር ይመስላል። እናቷ ነፍሰ ጡር ሆና ዳማያንቲ የምትባለውን ንግሥት እየተጫወተች ሳለ ምጥ መድረክ ላይ ያዛት፤ ልጅቷ እዚያው ተወለደች፤ ተመልካቹም የተውኔቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበ ይባላል። ትንሽ ቅመም ተጨምሮበት ይሆናል። ብቻ ካማላባይ በልጅነቷ የወንድ ልጅ ሚናዎችን እየተጫወተች አደገች፤ ፕራህላዳን ጭምር። ፊልሙ ሲመጣ የፕራህላዳን እናት ሊላቫቲን ሆነች።

ቦምቤይ፣ 1931

አሁን ወደ ሌላኛው ጫፍ እንሂድ። አርደሺር ኢራኒ በቦምቤይ የኢምፔሪያል ፊልም ኩባንያ ባለቤት ነው። ማርች 14 ቀን 1931 «አላም አራ»ን በማጀስቲክ ሲኒማ አሳየ። የመጀመሪያው ድምፃዊ የህንድ ፊልም ነው። ሰዉ ሲኒማ ቤቱን ሊያፈርሰው ደረሰ፤ ፖሊስ ተጠርቶ ነው ሥርዓት የያዘው።

ኢራኒ ነጋዴ ነው፤ ነገሩ ወዲያው ገባው። ድምፅ አልባ ፊልም የትም ይሸጣል፤ በምስሎቹ መሃል የሚታየውን ጽሑፍ መቀየር ብቻ ነው። ድምፃዊ ፊልም ግን ቋንቋ አለው። ሂንዲ የማይሰማ ደቡብ ህንዳዊ በሂንዲ ለሚያወራ ፊልም ለምን ይከፍላል? ስለዚህ በደቡብ ቋንቋዎች መሥራት ነበረበት። ኃላፊነቱ እዚያው ቦምቤይ በድምፅ አልባ ፊልሞች ሲሠራ ለቆየው ለኤች. ኤም. ሬዲ ተሰጠ።

ሬዲ በመጀመሪያ «ካሊዳስ»ን ሠራ። ኦክቶበር 31 ቀን 1931 በደቡቧ ከተማ በማድራስ ታየ። ዛሬ ቢሰማ የሚያስቅ ፊልም ነው፤ ሴቷ መሪ ተዋናይት በሌላው የደቡብ ቋንቋ በታሚል ትናገራለች፣ ወንዱ በቴሉጉ ይመልስላታል። ሰዉ ግን ግድ አልሰጠውም። የፊልሙ ጥቅልሎች ማድራስ ሲደርሱ ሕዝቡ አበባ እየበተነና ኮኮናት እየሰበረ ተቀበላቸው ይባላል። ድምፅ ራሱ በቂ ተአምር ነበር።

ቀጥሎ ሙሉ በሙሉ በቴሉጉ የሚናገር ፊልም ተፈለገ። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ነው። ቦምቤይ ከቴሉጉ አገር በጣም ሩቅ ነው። በቴሉጉ አጥርተው የሚናገሩ፣ የሚዘፍኑና የሚተውኑ ሰዎች እዚያ የሉም። በድምፅ አልባ ዘመን የተዋናይ ቋንቋ ማንንም አያሳስብም ነበር፤ አሁን ዋናው ጉዳይ ሆነ።

በላዩ ላይ መሣሪያው ራሱ ጨካኝ ነበር። በኢራኒ ስቱዲዮ ድምፁና ምስሉ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ፊልም ላይ ነው የሚቀረጹት። በኋላ ድምፅ መጨመር የለም። መቆራረጥና መጠጋገንም አይመችም። ተዋናዩ አንድ ቃል ከሳተ እንደገና ከመጀመሪያው ነው፤ ፊልም ደግሞ ውድ ነው። ዘፋኝ ከጀርባ ዘፍኖ ተዋናይ ከንፈር የሚያንቀሳቅስበት ዘዴ ገና አልመጣም፤ ወደ ሂንዲ ፊልም የገባው በ1935 ነው። ስለዚህ የሚታየው ሰው ራሱ መዝፈን አለበት፣ ያውም ካሜራው እየዞረ። ስለ «አላም አራ» ቀረጻ የተነገረው ሁኔታውን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ስቱዲዮው ባቡር ሐዲድ አጠገብ ስለነበር የሚቀርጹት ባቡር በማያልፍበት የሌሊት ሰዓት ነው። ማይክሮፎኑን ተዋንያኑ አካባቢ ይደብቁታል። ሙዚቀኞቹም ካሜራ በማያያቸው ጥግ ተሸጉጠው ይጫወታሉ።

ሬዲ የሚያስፈልገውን ሰው አስቡት። ረጅም ንግግር በቃሉ የሚያውቅ። ሳይሳሳት የሚወጣው። ያለ ማጉያ ድምፁ የሚሰማ። እየተወነ የሚዘፍን። የሴት ሚና የሚጫወቱ ሴቶች ያሉት። ሌሊት መሥራት የለመደ። ይህ ዝርዝር ከላይ እስከ ታች የሱራቢ ተዋናይ መልክ ነው። የመንደር ቴአትር የሚጀምረው ከመሸ በኋላ ነዋ!

ሱራቢዎችና ሌሎች የመድረክ ሰዎች ወደ ቦምቤይ ተጠሩ። ቀረጻው ሃያ ቀን ገደማ፣ ወጪውም ሃያ ሺህ ሩፒ ገደማ እንደፈጀ ይነገራል። በ20 ቀን ፊልም ማለቁ ዛሬ ይገርማል። ግን እነዚህ ሰዎች ልምምድ አላስፈለጋቸውም፤ ልምምዱን ለዓመታት በድንኳን ውስጥ ጨርሰውታል። ለኔ ጉዳዩ እዚህ ላይ ይፈታል። ቴአትሩ የተመረጠው ታሪኩ ቅዱስ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የተጠናቀቀ ዕቃ ስለነበረ ነው።

ሌላም አለ። የዚያን ዘመን ድምፅ ይንሻፈፋል፣ ይጠፋል፣ ይጮሃል። ታሪኩ አዲስ ቢሆን ተመልካቹ ግማሹ ያመልጠዋል። የፕራህላዳን ታሪክ ግን ማን ይስተዋል? ንጉሡ አፉን ሲከፍት ምን እንደሚል ሰዉ ያውቃል። ማይክሮፎኑ የጣለውን ቃል ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል። ይህ የኔ ግምት ነው፣ ግን ልክ ሳይሆን አይቀርም።

ፊልሙ ውስጥ እነማን ነበሩ

ንጉሡን የተጫወተው ሙኒፓሌ ሱባያ ነው፣ ከመድረክ የመጣ ሰው። ፕራህላዳን የሠራው ሲንዱሪ ክሪሽና ራኦ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ተንኮለኛውን መምህር ቺትራፑ ናራሲምሃ ራኦ ያዘው።

የክፍሉን ደደብ ተማሪ፣ ምንም የማይገባውን፣ ኤል. ቪ. ፕራሳድ የሚባል ወጣት ተጫወተው። ፕራሳድ ትምህርት አልሆን ሲለው ለቤተሰቡ ሳይናገር ከአንድራ መንደሩ ወደ ቦምቤይ የጠፋ ልጅ ነበር። ስቱዲዮ ለስቱዲዮ እየተንከራተተ «አላም አራ» ላይም፣ «ካሊዳስ» ላይም ትንንሽ ሚና አገኘ። የመጀመሪያው የሂንዲ፣ የመጀመሪያው የታሚል፣ የመጀመሪያው የቴሉጉ ድምፃዊ ፊልም ላይ ፊቱን ያሳየ አንድ ሰው እሱ ነው። በኋላ ትልቅ ዳይሬክተርና የስቱዲዮ ባለቤት ሆነ፤ በ1982 የህንድን ከፍተኛውን የሲኒማ ሽልማት፣ የዳዳሳሄብ ፋልኬን ተቀበለ። ለትምህርት አልሆንም ብሎ ለጠፋ ልጅ ያቺ ሚና ጥሩ ተመርጣለታለች።

ዘፈኖቹን በተመለከተ፣ ከተውኔቱ ከተወሰዱት ግጥሞች ሌላ ለፊልሙ አዲስ ግጥም የጻፉት ቻንዳላ ኬሳቫዳሱ ናቸው። የቴሉጉ ፊልም የመጀመሪያው የዘፈን ግጥም ጸሐፊ ተብለው የሚጠሩት በዚህ ነው። ካማላባይ የዘፈነችው የእናትየዋ እንጉርጉሮ፣ ይህንን የሐዘን ሸክም ማን ይችለዋል የሚለው፣ የቴሉጉ ሲኒማ የመጀመሪያው ዘፈን ሆኖ ይጠቀሳል። ኬሳቫዳሱ ከዚያ ውጭም ለመድረክ የጻፉት አንድ የመክፈቻ ጸሎት አላቸው፤ በቴሉጉ አገር ቴአትር ከመጀመሩ በፊት ተዋንያኑ ተሰልፈው የሚዘምሩት። ሰውዬው የመድረክ ሰው ነበሩ ማለት ነው። ፊልሙን ካሜራ ይዞ የቀረጸው ስቱዲዮ ነው እንጂ፣ ከውስጥ የሞሉት የቴአትር ሰዎች ናቸው።

«ታዲያ ይሄ ፊልም ነው ወይስ የተቀረጸ ቴአትር?» የሚል ሰው አይጠፋም። ከነበረው መሣሪያ ተነስቼ ስገምት፣ የተቀረጸ ቴአትር ይመስለኛል። ካሜራው ብዙ አይንቀሳቀስም፤ ማይክሮፎኑ አስሮታል። ተዋንያኑም ድንኳኑ ጥግ ላይ ላለ ሰው እንደሚናገሩ ጮክ ብለው ተናግረው ይሆናል። በዚህ የሚስቁ የፊልም ሰዎች አሉ። እኔ ግን አልስቅም። ሲኒማ በአዲስ ቋንቋ አፉን ሲፈታ የተዋሰው ቃል ከየት ሊመጣ ነበር?

የልደት ቀኑ ነገር

የዚህ ጉዳይ በጣም ደስ የሚለኝ ክፍል ይኼ ነው።

ለብዙ አሥርት ዓመታት የቴሉጉ ሲኒማ ልደት ተብሎ የሚከበረው ሴፕቴምበር 15 ነበር። «ባክታ ፕራህላዳ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1931 ታየ» ይባላል፤ መጽሐፍ ላይ ይጻፋል፣ ኢዮቤልዩ ይከበራል፣ ጋዜጣ ይደግመዋል። አንዱ ከሌላው ይገለብጣል። ማንም ደግሞ አይጠይቅም፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማን ይጠይቃል?

ሬንታላ ጃያዴቫ የሚባል ጋዜጠኛና የፊልም ታሪክ ተመራማሪ ግን ጠየቀ። ከትዝታ ወረቀት ይሻላል ብሎ ወደ ሰነድ ሄደ። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ማንኛውም ፊልም ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ሳንሱር ቦርድ ማለፍ አለበት፤ ቦርዱም ርዝመቱን ለክቶ፣ ቀን ጽፎ ይመዘግባል። የ«ባክታ ፕራህላዳ» መዝገብ የሚለው 9,762 ጫማ ርዝመት ያለው ፊልም በቦምቤይ ጃንዋሪ 22 ቀን 1932 ፈቃድ አገኘ ነው። በድምፃዊ ፊልም ፍጥነት ስታሰሉት ወደ 108 ደቂቃ ይመጣል። በጃንዋሪ 1932 ፈቃድ ያገኘ ፊልም በሴፕቴምበር 1931 እንዴት ይታያል? ከዚያ በኋላ የተገኘው ማስረጃ የመጀመሪያ ዕይታውን ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1932፣ በቦምቤይ ክሪሽና ሲኒማ አደረገው። ማድራስ የደረሰው ኤፕሪል 2 ላይ ነው።

የአምስት ወር ልዩነት ምን ያመጣል ትሉ ይሆናል። ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። በድሮው ቀን ከሄድን ሙሉው የቴሉጉ ፊልም ከ«ካሊዳስ» በፊት ይመጣል። በአዲሱ ግን «ካሊዳስ» ይቀድማል። ሬዲ በመጀመሪያ ሁለት ቋንቋ ያቀላቀለ ፊልም ሞከረ፣ ገበያውን አየ፣ ከዚያ በኋላ ነው የቴሉጉውን ለብቻው የሠራው ማለት ነው። የሰው ሥራ እንዲህ ሲሆን ስሜት ይሰጣል። አንድ ጠንቃቃ ነጋዴ የሚያደርገውም ይኼንኑ ነው።

አሁን ያቺን ቃል የገባሁላችሁን የእኛን አቆጣጠር ላምጣ። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1931 በእኛ መስከረም 4 ቀን 1924 ነው። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1932 ደግሞ ጥር 28 ቀን 1924። ክርክሩ እኛ አገር ቢሆን ኖሮ ዓመቱ ላይ የሚጣላ አይኖርም ነበር!

ፌብሩዋሪ 6 አሁን በተመራማሪዎች ዘንድ ተቀባይነት አለው፤ የቴሉጉ ሲኒማ ቀን አድርገው የሚያከብሩትም አሉ። የድሮው ቀን ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ዛሬም ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ በልበ ሙሉነት «1931» ብሎ የሚጽፍ ገጽ ታገኛላችሁ። አንዴ የታተመ ስህተት እግር ያወጣል።

ከዚያ ወዲህ

ቀመሩ ሠራ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1933፣ ሌላ ታዋቂ የመድረክ ተውኔት «ሳቲ ሳቪትሪ» በሚል ፊልም ሆነ። ያንን የሠራው ሌላ ኩባንያ ነው፣ ቦታውም ካልካታ ነበር። ለተወሰኑ ዓመታት የቴሉጉ ፊልም ማለት የቴአትር ድንኳን ወደ ስቱዲዮ ሲገባ ማለት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማኅበራዊ ታሪክ የያዙ ፊልሞች ቦታ ያገኙት ቆይተው ነው። ከነሱ አንዱን፣ የ1938ቱን «ግሩሃላክሽሚ»ን፣ የሠራው ደግሞ ራሱ ሬዲ ነው።

ፕራህላዳ ራሱ ተመልሶ መጥቷል። በ1942 እንደገና ተሠራ። በ1967 ደግሞ በማድራሱ ኤቪኤም ስቱዲዮ በቀለም ተሠራ፤ ዛሬ አብዛኛው ሰው «ባክታ ፕራህላዳ» ሲባል የሚያስታውሰው ያንን ነው። ኤስ. ቪ. ራንጋ ራኦ ንጉሡን፣ ሮጃ ራማኒ የምትባል ሕፃን ደግሞ ፕራህላዳን ተጫወቱ። አዎ፣ ሴት ልጅ የወንድ ልጅ ሚና፤ ልክ ካማላባይ በሱራቢ ድንኳን ታደርገው እንደነበረው። የሰማይ ዘማሪውን ናራዳን የሠራው የካርናቲክ (የደቡብ ህንድ ጥንታዊ) ሙዚቃ ጠቢቡ ባላሙራሊክሪሽና ነው። የመጀመሪያውን ለማየት የማይቻል ስለሆነ፣ ፍላጎት ያደረባችሁ ይህንን ፈልጉ። የራንጋ ራኦን አረማመድና ዓይን አጣጣል ብቻ ለማየት እንኳ ሁለት ሰዓት ቢያጠፉለት አይቆጭም። ክፉ ንጉሥ ነው፣ ግን ልጁን የሚወድ አባት መሆኑን አይረሳም፤ በትእዛዝና በእንባ መካከል ሲዋዥቅ ታዩታላችሁ።

የ1932ቱ እንዴት እንደጠፋ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የዚያን ዘመን ፊልም የሚሠራው በቶሎ ከሚበላሽና በቀላሉ ከሚቃጠል ናይትሬት ነው። ገበያው ካለቀ በኋላ የሚያስቀምጠው አልነበረም፤ የህንድ መንግሥት የፊልም ማኅደር የከፈተው በ1964 ነው። «አላም አራ»ም ጠፍቷል፣ «ካሊዳስ»ም ጠፍቷል። ፕራሳድ ፊቱን ያሳየባቸው ሦስቱም ማለት ነው።

ሱራቢዎች ግን አልጠፉም። ሲኒማና ቴሌቪዥን ተመልካቻቸውን ወስዶባቸዋል፤ ከነዚያ ሁሉ ቡድኖች የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ አብዛኞቹም ሃይደራባድ አካባቢ ይኖራሉ። በ2013 ከመሪዎቻቸው አንዱ፣ ናጌስዋራ ራኦ፣ ከህንድ መንግሥት የፓድማ ሽሪ ክብር ተቀብሏል። ከሚያሳዩዋቸው ሥራዎች መካከል «ባክታ ፕራህላዳ» አሁንም አለ። ሕፃኑ የቤተሰቡ ልጅ ነው፣ ንጉሡ አጎቱ ወይም አያቱ ሊሆን ይችላል፣ ምሰሶውም እንደ ድሮው በእንጨት፣ በጭስና በገመድ ይሰነጠቃል።